ተርኒፕ፣ ስኳር ድንችና ሥጋ የሌለው መረቅ፦ የጓሮዬ ማስታወሻ

ሜይ 17፣ ተከላ

ዛሬ 12 ስሊፕ ተከልኩ። ስሊፕ የሚሉት ከስኳር ድንቹ ላይ በቅሎ የተገነጠለ ቡቃያ ነው። እኛ ሶዶ ሐረጉን ቆርጠን ነበር መሬት ውስጥ የምንሰካው። እዚህ ግን ብርዱ ሐረጉን ስለሚገድለው በየዓመቱ እንደገና ከድንቹ መጀመር ነው። ዝርያው ቦረጋርድ ይባላል፣ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1987 ያወጣው ብርቱካናማው ነው። ከነፖስታው 18 ዶላር።

የምኖረው ከአትላንታ ወጣ ብሎ ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ነው። ከጓሮዬ ፀሐይ የሚያገኘው 10 በ12 ጫማ ብቻ ነው፤ የቀረውን ዛፍ ሸፍኖታል። አፈሩ ቀይ ሸክላ። መልኩ ቁርጥ የሶዶ አፈር! ጠባዩ ግን ሌላ ነው፤ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ዶማ ይመልሳል።

ለምን እንደጀመርኩት ልጻፍ፣ በኋላ እንዳልረሳው። ባለፈው ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን፣ ጎረቤታችን አንድ ትልቅ ሳህን ሸፍነው አመጡልን። አላባማ ተወልደው ያደጉ፣ ሰባን ያለፉ እናት ናቸው። ተርኒፕ የሚሉት አትክልት ቅጠል ከነሥሩ ተቀቅሎ፣ ካንዲድ ያም (በስኳርና በቅቤ የበሰለ ስኳር ድንች)፣ የበቆሎ ዳቦ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ቅጠሉ ውስጥ የአሳማ ቁርጭምጭሚት አለ። ያሙ ቅቤ አለው፣ ዳቦው እንቁላልና ወተት። የነቢያት ጾም ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነበር፣ አሳማውማ በፍስኩም አይሆን። አመስግነን ተቀበልን፣ ልጆቹ ያሙን በሉ፣ እኔና ባለቤቴ ሽሮ ሠርተን ሽታውን እያሸተትን በላን። በጣም ነው የቆጨኝ።

ዘንድሮ ያንኑ ምግብ፣ በዚያው ጾም፣ እኔ አብስዬ እሳቸውን መጋበዝ ነው ሐሳቤ። ሥራ ሥሩንም ራሴ አበቅላለሁ ብያለሁ። ይህኛው ክፍል ሳይበዛብኝ አይቀርም።

ሜይ 24

በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ በኩል ያስመረመርኩት አፈር ውጤት መጣ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 5.3። ለስኳር ድንች የከፋ አይደለም፣ አሲድ ይችላል። ተርኒፕ ግን 6 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ኖራ ጨምር ይላል። ኖራ ሥራውን ለመሥራት ወራት ስለሚፈጅበት ለመኸሩ ተርኒፕ ከአሁኑ በተንኩት። አንድ ከረጢት 6 ዶላር።

ናይትሮጅን አትጨምር የሚል መስመርም ነበረው። እኔ ግን ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ከረጢት የዶሮ ፍግ ስኳር ድንቹ መደብ ላይ ገልብጫለሁ። ሥሩ ቢጠጣው ምን ይሆናል ብዬ ነበር። እናያለን።

ጁላይ 12

አየን። ሐረጉ መደቡን ሞልቶ፣ አጥሩን ወጥቶ፣ ወደ ጎረቤት ግቢ ገብቷል። ሚስቴ ፎቶ አንስታ ለሰው ሁሉ ላከች፣ ሰውም «ጎበዝ!» አለ። ጎረቤቴ ግን አጥሩን ተደግፈው አዩት አዩትና «ቤቢ፣ ቅጠል ነው እንዴ የምታለማው?» አሉኝ። ገባኝ። ፍግ ሲበዛ ተክሉ ጉልበቱን ሁሉ ቅጠል ላይ ይጨርሳል፣ ከሥር ድንች ማስቀመጥ ይረሳል። አንዱን ጥግ በእጄ ጫር አድርጌ አየሁ፣ እርሳስ የምታክል ክር ብቻ።

የገለበጥኩት ፍግ ተመልሶ አይነሣም፣ ስለዚህ ውኃውን ቀነስኩ፣ ምንም ላለመጨመር ማልኩ፣ ቅጠሉን መብላት ጀመርን። የስኳር ድንች ቅጠል ይበላል፣ ለስላሳ ነው፣ እንደ ቆስጣ ቶሎ ይሟሟል። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ጠበስ አድርጌ አቀረብኩት። ልጆቹ ዝም ብለው በሉ። ለእናቴ ስደውልላት «ቅጠሉን? የከብቱን?» አለችኝ።

እሷ ነገሩ ጭራሽ አልገባትም። ለእሷ ስኳር ድንች ጎተራው ባዶ ሲሆን የሚበላ ነው። እንግዳ መጥቶ ስኳር ድንች ብቻ ካለ በር ይዘጋል እንጂ አይቀርብም። «ስኳር ድንች ልትበላ ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ጁላይ 30

አጋዘን ገባ። በአንድ ሌሊት ግማሹን ሐረግ አጨደው። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ በኋላ ግን ተንኮለኛ ቢሆንም ጥሩ ሳይሠራልኝ አልቀረም ብዬ አሰብኩ፤ ቅጠል ሲቀንስ ምናልባት ሥሩ ያስብ ይሆናል። የዓሣ ማጥመጃ ሲባጎ በሁለት ረድፍ ወጠርኩ። 7 ዶላር። አጋዘኑ ስለማያየው ደረቱን ሲነካው ይደነግጣል አሉ። እስካሁን አልተመለሰም።

ኦገስት 23

ተርኒፕ ዘራሁ። ለማታውቁት፣ ተርኒፕ የጎመን ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል፣ ሥሩ ደግሞ ክብ ሆኖ ከላይ ሐምራዊ ከታች ነጭ ነው። ግማሹ ድንች፣ ግማሹ ፍጅል ይመስላል። ፐርፕል ቶፕ ዋይት ግሎብ የሚባለው የድሮው ዝርያ። አንድ ፓኬት 2 ዶላር ተኩል፣ ዘሩ ለሦስት ጓሮ ይበቃል። ግማሽ ኢንች ጥልቀት፣ ፈሩ በ12 ኢንች ርቀት።

በዚሁ ቀን ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ገብቼ የካስት አይረን መጥበሻ አገኘሁ። ዝጎ ቡኒ ሆኗል። 8 ዶላር። የበቆሎ ዳቦ ያለ እሱ አይሆንም ብለውኛል ጎረቤቴ፣ «መስታወት ትሪ ላይ የምትጋግር ከሆነ አትጥራኝ» ነው ያሉት።

ኦገስት 31፣ መጥበሻ ማሟሸት

ዝገቱን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦና በጨው ፈተግሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ እጄ ተላጠ። ቀጥሎ ዘይት መቀባትና ኦቭን ውስጥ ማቃጠል ነው። ፈረንጆቹ ሲዝኒንግ ይሉታል፣ እኛ ማሟሸት። ቪዲዮ ሳይ ሳቄ መጣ፣ ይህማ እናቴ አዲስ ምጣድ ሲመጣ የምትሠራው ነው! የተፈጨ ጎመን ዘር በጨርቅ አድርጋ ምጣዱን እያሻሸች፣ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኖ።

ስለዚህ አውቃለሁ ብዬ ገባሁበት። አላውቅም ነበር። ዘይቱን እንደ ዳቦ ትሪ ለቀለቅሁት። ኦቭኑ 450 ዲግሪ ፋራናይት፣ አንድ ሰዓት። ሲወጣ እንደ ማር ይጣበቃል። ወፍራም ዘይት አይደርቅም፣ ሙጫ ይሆናል። እንደገና ፈተግሁት። በሁለተኛው ቀብቼ፣ ከዚያ ዘይቱን በስህተት የቀባሁት ይመስል በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርጌ ጠረግሁት። መጥበሻውን ገልብጬ አስገባሁ፣ እዚያው እስኪበርድ ተውኩት። ሦስት ጊዜ ደገምኩ። አሁን ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ደረቅ ነው።

የጎመን ዘሩን ዘዴም ሳልሞክር አላለፍኩም። የጢስ አላርሙ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ይህን ሁለተኛ አላደርግም።

ሴፕቴምበር 6

የተርኒፑ ዘር ከሸፈ። ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ፋራናይት አልወርድ ብሏል፣ ሸክላው ከላይ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ስለጠነከረ ቡቃያው መውጣት አልቻለም። የወጣውን ጥቂት ደግሞ ፍሊ ቢትል ወንፊት አደረገው። ቁንጫ የምታክል ጥቁር ጥንዚዛ ናት፣ ስትነካት ትዘላለች።

እንደገና ዘራሁ። አሁን ፈሩን በሸክላው ሳይሆን በኮምፖስት ሸፈንኩት፣ ላዩ እንዳይጠነክር። ማታ ማታ አጠጣሁ። ከላይ ስስ ነጭ ጨርቅ አለበስኩት፣ ለጥንዚዛዋ። ጨርቁ 14 ዶላር ነው፣ ይህ ሁሉ ለሁለት ዶላር ተኩል ዘር።

ሴፕቴምበር 20

በቀለ። ጥቅጥቅ ብሎ። ማሳሳት ያስፈልጋል፣ በየ4 ኢንቹ አንድ ብቻ መቅረት አለበት። የምታምር ቡቃያ መንቀል አንጀቴን በላው፣ አንዱን ፈር አሳሳሁ፣ ሌላውን ነገ፣ ነገ እያልኩ ተውኩት። (ኦክቶበር ላይ የጨመርኩት፦ ያልሳሳው ፈር ቅጠል ብቻ ሰጠ፣ ሥሩ አውራ ጣት አላከለም። የተነቀለው ቡቃያ ደግሞ ጥሬውን በሎሚና በቃሪያ ግሩም ሰላጣ ነው፣ ስለዚህ ማዘኔ ለምንም አልነበረም።)

ሴፕቴምበር 27፣ ቁፋሮ

የመስቀል ዕለት ነው። አገር ቤት ቢሆን ዛሬ ሰው ሁሉ ሥጋ ላይ ነው። እኔ ጓሮ ውስጥ ተንበርክኬ ስኳር ድንች እቆፍራለሁ።

ባለ አራት ጥርሱን መቆፈሪያ ይዤ ግንዱ ሥር ሰካሁት። የመጀመሪያውን ድንች መሐል ለመሐል ወጋሁት። ሁለተኛውንም። ከዚያ መቆፈሪያውን ጥዬ በእጄ ገባሁ። ከግንዱ አንድ ክንድ ርቆ ዙሪያውን መፈልፈል ነበረብኝ፣ ድንቹ የሚተኛው ከተከልኩበት ቦታ ርቆ ነው።

ጠቅላላ 11 ፓውንድ። ከ12 ተክል ከዚህ ብዙ እጥፍ መውጣት ነበረበት። ፍጉ ነው። ግማሹ ቀጭን እንደ ካሮት፣ አምስት የሚሆኑት ግን የጨዋ መጠን አላቸው፣ አንዱ የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። ልጄ ተሸክሞት ዞረ።

እዚያው ሁለት ስህተት። አንደኛ፣ አምሮኝ ሁሉንም በቧንቧ አጠብኳቸው። ቆዳው ገና ስስ ነው፣ ተላጠ። ሁለተኛ፣ ማታውኑ አንዱን ጋግሬ በላሁ። ምንም አይጣፍጥም። ስታርች ነው፣ ውኃ ውኃ ይላል። አራት ወር ተኩል ለዚህ ነው? አልኩ።

ኦክቶበር 5፣ ማብሰል ሳይሆን ማከም

ጎረቤቴ ናቸው የነገሩኝ፤ ስኳር ድንች ከመሬት ወጥቶ ወዲያው አይበላም፣ መጀመሪያ ይታከማል። በ85 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ሙቀትና በከፍተኛ እርጥበት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ቁስሉ ይሽራል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ስታርቹ ወደ ስኳር መቀየር ይጀምራል። ከዚያ ወደ 55 እና 60 ዲግሪ መካከል ወርዶ ሳምንታት ሲቆይ ይበልጥ ይጣፍጣል። ፍሪጅ ውስጥ ግን አይገባም፣ ከ50 በታች ልቡ ይደነድናል፣ ቢቀቅሉትም አይለሰልስም።

85 ዲግሪና እርጥበት ከየት ይመጣል? ከልጆቹ መታጠቢያ ቤት። ትንሿን ሂተር አስገባሁ፣ ሁለት ባልዲ ውኃ፣ ቴርሞሜትር፣ ድንቹ በላስቲክ ሳጥን ውስጥ። ለስምንት ቀን አራታችንም በአንድ መታጠቢያ ቤት ተጋፋን። ሚስቴ «ሆስፒታል ነው የከፈትከው?» አለች። የመብራቱ ቢል ሲመጣ አላሳያትም።

ካጠብኳቸው ሦስቱ በሰበሱ። ሌሎቹ ተረፉ። አሁን ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልለው ተኝተዋል። እስከ ኖቬምበር ማንም እንዳይነካቸው።

ኦክቶበር 18፣ የመጀመሪያው ድስት

ዛሬ ጎረቤቴ ወጥ ቤት ገብቼ ተማርኩ። ለእኔ ብለው በአሳማው ፋንታ የተጨሰ የተርኪ አንገት አደረጉ። መጀመሪያ አንገቱን በውኃ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀቅላሉ፣ መረቁ እስኪወፍር። ቅጠሉ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። እኔ በሁለተኛው በቃ ስል እጃቸውን አጣጥፈው ዝም ብለው አዩኝ፣ ሦስተኛውን ሳጥብ ከታች አሸዋ ቀረ። ወፍራሙ ዘንግ ተገንጥሎ ይወጣል። ቅጠሉ መረቁ ውስጥ ገብቶ 45 ደቂቃ፣ ሥሩ ተልጦ እንደ ድንች ተከትፎ በመጨረሻው 20 ደቂቃ። ቁንጥጫ ስኳር፣ ጨው። ገበታ ላይ ኮምጣጤ ውስጥ የተዘፈዘፈ ቃሪያ።

እኔ ጎመን ሲባል ውኃው መጥጦ እስኪደርቅ ነው የማውቀው። እዚህ ተቃራኒው ነው፣ ዋናው ነገር ውኃው ነው። ፖት ሊከር ይሉታል። በባርነት ዘመን ቅጠሉ ወደ ጌቶች ገበታ ሲሄድ ድስቱ ውስጥ የሚቀረውን መረቅ አብሳዮቹ ለልጆቻቸው ይወስዱት ነበር፣ ጉልበቱ ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ በስኒ አድርገው ሰጡኝና ቆመው አዩኝ። ጠጣሁት። አረንጓዴ፣ ጨውማ፣ መራራነቱ ከኋላ የሚመጣ።

የበቆሎ ዳቦው ሲቀርብ ቆረስኩና መረቁ ውስጥ ፈተፈትኩት። «አየህ! ይኼ ልጅ ያውቃል!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ለካ ነገሩ የቆየ ጠብ ነው። በ1931 የሉዊዚያናው ገዥ ሂዊ ሎንግ ዳቦው መረቁ ውስጥ ይጠቀሳል ሲሉ፣ የአትላንታው ኮንስቲቲውሽን ጋዜጣ አዘጋጅ ጁሊያን ሃሪስ የለም ይፈተፈታል ብሎ ተነሣ፣ ከዚያ አገሩ ሁሉ ለሳምንታት ተከራከረበት። የጎረቤቴ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጥቃሽ ነበሩ። እሳቸው ፈትፋች። አርባ ዓመት በአንድ ገበታ። እኔ ፍትፍት ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ የትኛው ወገን እንደምሆን አልተጠየቀም።

ኖቬምበር 1 እና 2፣ የጾም መረቅ፣ ሙከራ አንድና ሁለት

ዋናው ጣጣ ይኸው ነው። ተርኪውን ካወጣሁ የሚቀረው የቅጠል ውኃ ነው። ጭሱ አንድ ነገር፣ ከአጥንቱ የሚወጣው ውፍረት ሌላ ነገር፣ ዘይቱ ሦስተኛ።

ሙከራ አንድ፦ የተጨሰ ፓፕሪካና ከጠርሙስ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ጢስ። ግማሽ ሻይ ማንኪያ ነው ያደረግሁት። ጎማ የተቃጠለበት ድስት። ልጄ አንዴ ቀምሶ «አባዬ፣ እሳት ነው የሚለው» አለ። ተደፋ።

ሙከራ ሁለት፦ የማውቀውን ልሥራ ብዬ ቁሌት ጣልኩ። አራት ራስ ሽንኩርት ያለ ዘይት እስኪጠወልግ፣ ከዚያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ በርበሬ፣ ከዚያ ውኃና ቅጠል። ጣፈጠ፣ በእንጀራ ጠርገን በላነው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ጎመን ወጥ ሆነ። የተጋበዙት እናት አላባማን ነው የሚጠብቁት።

ኖቬምበር 8፣ ሙከራ ሦስት

የተርኒፑን ልጣጭ እጥል ነበር። ዛሬ ልጣጩን፣ የቅጠሉን ወፍራም ዘንግና ሁለት ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት ደረቁ መጥበሻ ላይ ደፋሁና ጠርዙ እስኪጠቁር ተውኩት። መቃጠል አይደለም፣ ልክ ከመቃጠሉ በፊት። ከዚያ ድስት ውስጥ፣ ከአንድ እፍኝ ደረቅ እንጉዳይና ከተዘፈዘፈበት ውኃው ጋር፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ሳይላጥ፣ አንድ ማንኪያ አኩሪ አተር ሶስ። 50 ደቂቃ፣ ከዚያ ተጠለለ። ቀለሙ የደከመ ሻይ።

ቅጠሉን እዚህ ውስጥ ቀቀልኩ። ተቃረበ! ጭሱ ከመጥበሻው መጣ፣ ጥልቀቱ ከእንጉዳዩ። የጎደለው ስብ ነው፣ አፍ ላይ አይቆይም። በመጨረሻ ሁለት ማንኪያ ዘይት ጨምሬ ሳማስለው ተንሳፈፈ እንጂ አልተዋሐደም። አንድ የተቀቀለ ተርኒፕ ጨፍልቄ መልሼ ሳስገባው ግን መረቁ ትንሽ ወፈረ፣ ዘይቱም ተያዘ። ይህን ዕድሜዬን ሁሉ የማውቀው ነገር ነው፣ ሽሮ ዘይቱን የሚይዘው እንዲሁ አይደል።

ኖቬምበር 11

ሌሊት ውርጭ መታ። ጠዋት ቅጠሉ ላይ እንደ ጨው ነጭ ነገር። ስኳር ድንች ቢሆን ያልቅለት ነበር፣ ተርኒፕ ግን ብርዱን ይወዳል። ብርድ ሲመታው ስኳር ያከማቻል። ኦክቶበር መጨረሻ የነቀልኩት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነበር፣ ዛሬ የነቀልኩት ጥሬውን ተቆርጦ ይበላል። የቴኒስ ኳስ ያክላል። ከዚህ ሲያልፍ እንጨት ይሆናል፣ አንድ ጥግ ላይ የረሳሁትን ከፍቼ አየሁት፣ ገመድ ነው ውስጡ።

ኖቬምበር 16፣ ዳቦ

ሦስት ሙከራ በአንድ ቀን። የበቆሎ ዱቄቱ ሰልፍ ራይዚንግ የሚል ነበር፣ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ውስጡ አለ ማለት ነው። እኔ ሳላነብ ደግሜ ጨመርኩ። ተነፋ፣ ተነፋ፣ መሐሉ ሰመጠ። ጣዕሙ ሳሙና።

ሁለተኛው፦ በእንቁላሉ ፋንታ ተልባ። አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ፣ አሥር ደቂቃ ሲቆይ እንቁላል ነጩን ይመስላል። ከእናቴ የመጣው ተልባ የተቆላ ስለሆነ ዳቦው ቡኒ ሆኖ ተልባ ተልባ አለ። ሦስተኛውን ባልተቆላ ሠራሁ። በወተቱ ፋንታ የአኩሪ አተር ወተት ከአንድ ማንኪያ ኮምጣጤ ጋር። ስኳር የለም፣ እዚህ ላይ ጎረቤቴ ሕግ አላቸው፣ ስኳር ካለው ኬክ ነው። መጥበሻው ከነዘይቱ 450 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ይግላል፣ ሊጡ ሲገባ «ጭስስስ» ማለት አለበት። ካላለ ከሥሩ አይጠብስም። 22 ደቂቃ።

ሲገለበጥ ጨረቃ መስሎ ወጣ። አልተጣበቀም። የበቆሎ ቂጣ ያስታውሰኛል፣ ግን ከሥሩ የሚሰበር ነው።

ኖቬምበር 22፣ ያም

ያም የሚሉት ያም አይደለም። እውነተኛው ያም የምዕራብ አፍሪካ ሌላ ተክል ነው፣ ቆዳው ቅርፊት የመሰለ። ስሙን ከዚያ የመጡ ሰዎች ይዘውት መጡ፣ እዚህ ያገኙት ስኳር ድንች ላይ አረፈ። ዛሬም ሱቅ ውስጥ ያም የሚል ከተጻፈ ስኳር ድንች የሚል አብሮ መጻፍ አለበት።

ካርቶኑን ከፈትኩ። ስምንት ሳምንት ሞላው። አንዱን ለሙከራ ከቀዝቃዛ ኦቭን ጀምሬ ቀስ አድርጌ ጋገርኩት። ውስጡ ስታርቹን ወደ ማልቶስ የሚቀይር ኢንዛይም አለ፣ ከ135 እስከ 170 ዲግሪ ባለው መካከል ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ እዚያ መካከል ረጅም መቆየት አለበት። ማይክሮዌቭ ዘሎት ያልፋል። ሲከፈት ከቆዳው ሥር ካራሜል ጠብ ይላል። የመስቀል ዕለት የበላሁት ያው ድንች ነው ብሎ የሚያምን የለም።

ለካንዲዱ ቅቤ አይሆንም ብዬ ማርጋሪን ገዛሁ። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳነብ ዌይ አለበት፣ የወተት ነገር ነው። 4 ዶላር ለልጆቹ ቶስት ሄደ። በመጨረሻ የብርቱካን ጭማቂ እስኪወፍር አፍልቼ፣ ቡናማ ስኳር፣ የሱፍ ዘይት፣ ቀረፋ፣ በነትሜጉ (ገውዝ) ፋንታ ትንሽ ኮረሪማ። ኮረሪማውን እንዳታበዙት፣ የመጀመሪያው ትሪ ቡና ቤት ቡና ቤት ሸተተ።

እስካሁን ያወጣሁትን ደመርኩ። አፈር ምርመራ፣ ኖራ፣ ፍግ፣ ስሊፕ፣ ዘር፣ ሲባጎ፣ ጨርቅ፣ መጥበሻ፣ የከሸፉ ሙከራዎች፦ 118 ዶላር፣ መብራት ሳይጨምር። ከበሰበሱት የተረፈው ስኳር ድንች 8 ፓውንድ ነው። ሱቅ ቢሆን በ10 ዶላር እገዛው ነበር። ለባለቤቴ ሃምሳ ብያታለሁ።

ኖቬምበር 27

ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን። ጎረቤቴ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ባዶ እጃቸውን አልመጡም፣ ፓይ ይዘው ነው፣ «ለልጆቹ ነው፣ አውቃለሁ» አሉ።

መረቁን በስኒ ሰጠኋቸው፣ እንደሰጡኝ። ቆሜም አየኋቸው። አንዴ ቀመሱ። ዝም አሉ። ሁለተኛ ቀመሱ። ማንኪያ አንሥተው ድስቱን ከፈቱ፣ ታች ድረስ አማሰሉ።

«ሥጋውን አውጥተኸው ነው?»

«ሥጋ አልነበረውም፣ ማም።»

«እ-እ-እ።»

ከዚያ ቁጭ ብለው ዳቦውን ፈተፈቱ። ያሙን «ጥሩ ነው፣ ያንን ሽታ ግን አላውቀውም» አሉ፣ ኮረሪማው ነው። ቅጠሉን ሁለቴ ጨመሩ። ቅጠሉ ላይ ያላቸው አስተያየት አንድ ብቻ፣ 15 ደቂቃ ይቀረዋል የሚል። እውነታቸውን ነው፣ ስለቸኮልኩ ነበር። ትልቁ ልጄ ደግሞ ዳቦውን መረቁ ውስጥ አጠቀሰ። ጎረቤቴ አዩትና «አንተ ቤት ውስጥም አለ ለካ» አሉኝ።

ጃንዋሪ 1

እዚህ በአዲስ ዓመት ቀን ብላክ አይድ ፒስ (ጥቁር ነጥብ ያለበት ባቄላ መሰል ጥራጥሬ)፣ አረንጓዴ ቅጠልና የበቆሎ ዳቦ ይበላል። ባቄላው ሳንቲም፣ ቅጠሉ የወረቀት ብር፣ ዳቦው ወርቅ ነው ይላሉ። ጾሙ ገና ስድስት ቀን ይቀረዋል። ጠዋት በሩ ተንኳኳ፣ ጎረቤቴ ትንሽ ድስት ይዘው ቆመዋል። «አሳማ የለውም፣ ተርኪ የለውም፣ ድስቱም ሌላ ነው» አሉ። ልጣጩንና ሽንኩርቱን መጥበሻ ላይ አጥቁረው ነው የሠሩት። ጠቆር አድርገውታል፣ ከእኔ ይበልጥ። የእሳቸው ይሻላል። ትንሽ ቅር አለኝ፣ ግን ይሻላል።

ቅጠሉን እኔ ሠራሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀቀልኩት በዚህኛው።

ጃንዋሪ 10

የቀሩትን ተርኒፖች ነቀልኩ። ግማሹ እንጨት ሆኗል፣ ለመረቅ ይሆናል ብዬ ከፍዬ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩ። የስኳር ድንቹን መደብ ደግሞ ሰባት ኢንች ከፍ አድርጌ ቆለልኩት፣ ምንም ሳልጨምር። ከካርቶኑ አንድ ጤነኛ ድንች አስቀርቻለሁ፣ ማርች ላይ ውኃ ውስጥ ይገባና ስሊፑን ራሴ አወጣለሁ። 18 ዶላር ተረፈ።

ሁለት ተርኒፕ ሳልነቅል ተውኩ። ክረምቱን ካለፉ ጸደይ ላይ ቢጫ አበባ ያወጣሉ፣ ከዚያ ዘር። የጎመን ዘር ዘመድ ነው። አንድ እፍኝ ካገኘሁ ፈጭቼ መጥበሻውን አሟሽበታለሁ፣ ደጅ፣ ከሰል ላይ፣ አላርሙ በሌለበት።